ወደ ደመኛ የተከፈተ መስኮት

የሺ ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ማን ተኮሰባት?» የሚል ነበር። የደወለልኝ ከሮብ ገበያ የማውቀው እህል ነጋዴ ነው። «ኧረ ማንም አልተኮሰ፤ ሳንባ ምች ነው። በአልጋዋ ነው ያረፈችው» አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። በዱላና በጥይት ያልሞተችን ሴት ሳል ወሰዳት ቢሉኝ እንዴት ልመን?

እኔ ግንበኛ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ድንጋይ ጠርቤያለሁ፣ ሴራሚክ አንጥፌያለሁ፣ የሰው ግድግዳ አፍርሼ መልሼ ሠርቻለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ሥራዬ ሁሉ ማድ ቤት ማደስ ሆኗል። የከተማው ሰው ስልኩ ላይ ያገኘውን ፎቶ እያሳየ «እንዲህ ብሩህ ይሁንልኝ፣ ሞቅ ያለ ይሁንልኝ፣ ዘመናዊ ይሁንልኝ» ይለኛል። እሺ እላለሁ። ነጭ ሴራሚክ፣ ሰፊ መስኮት፣ ቢጫ ቀለም፣ የብረት ማጠቢያ፤ አለቀ። ከሠራሁት ማድ ቤት ሁሉ አንዱንም በሕልሜ አይቼው አላውቅም። የየሺን ግን አየዋለሁ።

የተገናኘነው የአንዲት አስተማሪን ማድ ቤት ስሠራ ነው። የሺ ለሴትዮዋ ቅቤ ልታደርስ ከሮብ ገበያ መጥታ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳን የነካ፣ ቀጭን፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ፣ ዓይኖቿ በርበሬ የመሰሉ ሴት። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ በእጇ አንጓ ጠረግ ታደርገዋለች፣ እንደገና ይወርዳል። የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«ምነው እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አልኳት።

«አንቺ በለኝ። አንቱታው ለሽማግሌዎች ይቅር። አላለቀስኩም፤ ጭስ ነው።»

«እዚህ ጭስ የት አለ?»

«እዚህማ የለም። ሠላሳ ዓመት የጠጣሁት ነው የሚወርድ» አለችና አልፋኝ ገባች።

ገና ያልደረቀውን ሴራሚክ በመዳፏ ነካችው። ልጮህባት አፌን ስከፍት ፊቷን አየሁና ተውኩት። መስኮቱ ጋ ቆማ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ ተመለከተች።

«እዚህ ቆመው እያማሰሉ ሰው ሲመጣ ይታያል?»

«ይታያል።»

«የሚመጣውም ያያል?»

«ያያል እንጂ፤ መስታወት አይደል?»

ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው የእኔንም እንዲህ ታደርግልኛለህ። መንገድ ክፍት በሆነ ሳምንት ና።» የሺ ለምና አታውቅም። ትናገራለች፤ ያልሰማ ይደገምለታል፤ ድጋሚውን ያልሰማ እጇ ያርፍበታል።

እጇ ያርፍበታል ስል ለማሳመር አይደለም። ሮብ ገበያ የደረስኩ ዕለት ገበያው መሀል ጠብቃ ተቀበለችኝ። ሲሚንቶውንና ሴራሚኩን በአህያ ስናስጭን አንድ የሰከረ ሰውዬ ቆሞ ሲያየን ቆየና «የገዳይ ሚስት ደግሞ ማድ ቤት ልታሳምር ግንበኛ ታስመጣለች!» ብሎ ጮኸ። የሺ አጠገቧ ከነበረችው ሽንኩርት ሻጭ የሚዛን ብረት አነሳችና ሄዳ አፉን አለችው። ሰውዬው ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ወረደ። ብረቱን በነጠላዋ ጠርጋ ለባለቤቷ መለሰችና «እንሂድ፣ አህያው ይቆማል» አለችኝ።

«የገዳይ ሚስት ማለቱ ምንድን ነው?» አልኳት መንገድ ላይ።

«ሰካራም ነው» አለች። እኔም ሞኙ በዚያው ተውኩት።

ቤቷ ከሮብ ገበያ በእግር አንድ ሰዓት የሚያስኬድ፣ የጮቄን ተራራ ተደግፎ ወደ ወንዝ የሚያይ ነው። ደጋ የተወለደ ሰው ቢሆን ቤቱን አንድ ጊዜ አይቶ ነገሩ ይገባው ነበር። ሳሎኑ የጭቃ ግድግዳ ነው። ጓዳውም የጭቃ ነው። ከቤቱ ጋር የተያያዘው ማድ ቤት ብቻ በድንጋይ ተገንብቷል፤ ውፍረቱ ክንድ ተኩል ይሆናል፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ማን ነው ለማድ ቤት ብቻ የድንጋይ ግንብ የሚሠራው? እኔ የከተማ ሰው ስለሆንኩ «ለብርዱ ይሆናል» አልኩ። ውስጡ ገብቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ። ብርሃን ከየት በኩል እንደሚሻል ገመትኩና ጠመኔዬን አውጥቼ ወደ ወንዙ በሚያየው ግድግዳ ላይ ሰፊ መስኮት መሣል ጀመርኩ።

አራተኛውን መስመር ሳልዘጋው ማጅራቴ ላይ ቀዝቃዛ ብረት ተሰማኝ።

«ማን ነው የላከህ?» አለ የወንድ ድምፅ። ከእህል ጎታው ጀርባ እንደተነሳ እንኳ አላየሁትም።

«የ… የሺ ናት።»

«የሺማ ሚስቴ ናት። ግድግዳዬን ለደመኛዬ ክፈት ብሎ የላከህ ማን ነው?»

የሺ በበሩ ገባች። ተው አላለችውም፣ አልጮኸችም። ዘነዘናውን በሁለት እጇ አንስታ አንጓው ላይ አሳረፈችበት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ክላሹ ባረቀ፤ ጥይቱ በጆሮዬ አጠገብ አልፎ ቆርቆሮውን በስቶ ወጣ። እኔ መሬት ላይ ተዘርግቻለሁ፣ ሰውዬው እጁን አቅፎ ያቃስታል፣ ከጣሪያው ቀዳዳ አንዲት ቀጭን የፀሐይ ብርሃን ወርዳ ምድጃው ላይ አርፋለች። የሺ ቀና ብላ አየቻት።

«ይኼም ያስፈልግ ነበር» አለች። «ጭሱ ይውጣበት።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ደጁን ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመች።  «ደመኛ እንዳላችሁ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህኩባት።

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

«አልመጣም!»

«ታዲያ?» አለችና ቁጭ በል ብላ ነገረችኝ።

ባሏ ዳምጤ ይባላል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ከወንዙ ማዶ ያለ ጎረቤቱን ሞፈር እንደያዘ ተኩሶ ገደለው። ታሰረ፣ ፍርዱን ጨረሰ፣ ተፈታ። የመንግሥት ነገር በዚህ አበቃ፤ የማዶዎቹ ግን አላበቃም። የሟች ታናሽ ወንድም ሞላ የሚባለው የወንድሙን ደም ሳይመልስ ፀጉሩን እንደማይቆረጥ ምሏል። ዳምጤ እንደተፈታ መጀመሪያ የሠራው ያንን የድንጋይ ግንብ ነው። ከዚያ ወዲህ ከግቢው ወጥቶ አያውቅም፤ ለቀብር የለም፣ ለቤተ ክርስቲያን የለም። መሬቱን ሌላ ሰው በእኩል ያርስለታል። እሱ ከጎታው ጀርባ ክላሹን ታቅፎ እሳት ይሞቃል።

«ሽማግሌዎች አልገቡም?» አልኳት።

«ሦስት ጊዜ ገቡ። ድንጋይ በማጅራትህ ተሸክመህ የሟች እናት እግር ላይ ውደቅ፤ ይቅር ይሉሃል፣ ደሙ ይደርቃል አሉት። ምን አለ መሰለህ? ‹ድንጋይ ተሸክሜ ከምወድቅ ጥይት ተሸክሜ ልውደቅ።›» እንባዋን በአንጓዋ ጠረገች። «ኩሩ ነው። ኩራቱን በጭስ ውስጥ የማበስልለት ግን እኔ ነኝ። ዓይኔ እየጠፋ ነው። አሁን ግድግዳው ይከፈታል። ሲከፈት ወይ ድንጋዩን ይሸከማል ወይ ይሞታል። ሳይሞት ተቀብሮ እኔንም ጎትቶ መቅበሩ ግን ይበቃል።»

ለምን እንደቀረሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። አዝኜላት ነው ብል ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ግን ዘነዘናው ገና በእጇ ነበር።

ዳምጤ የተሰበረ እጁን በወጌሻ አሳስሮ «እኔ በሕይወት እያለሁ አንድ ድንጋይ አይነሳም» አለ። የሺ እንስራውን አንስታ ምድጃው ላይ ደፋችው። እሳቱ ተንጫጭቶ ጠፋ፣ አመዱ ቤቱን ሞላው።

«ግድግዳው ያንተ ነው፤ እሳቱ ግን የእኔ ነው» አለችው። «ግድግዳህን ብላ።»

ሦስት ቀን በዚያ ቤት እሳት አልነደደም። የጮቄን ብርድ የማያውቅ ሰው ይህን ቀላል ነገር ይለዋል። እሷና እኔ ጎረቤት ሄደን ገብስ ቂጣና ድንች በልተን እንመለሳለን። ዳምጤ ከግቢ መውጣት ስለማይችል ከጎታው ጀርባ ጥሬ እህል ሲቆረጥም እንሰማዋለን። ሁለተኛው ቀን ላይ ቂጣ በኪሴ ደብቄ ላገባለት ሞከርኩ። የሺ ኪሴን በእጇ ዳብሳ ቂጣውን አወጣችና ለውሻው ወረወረችው። ክፉ ሴት ናት አልኩ በሆዴ፤ ያን ቀን በጣም ጠላኋት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ዳምጤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ወጣ።

«አፍርሱት» አለ። «እኔ ጓዳ እገባለሁ።»

የመጀመሪያውን መዶሻ እኔ ላንሳ ብል ነጠቀችኝ። ድንጋይ እንዴት እንደሚመታ አላስተማርኳትም። እግሯን ከፍታ ቆማ፣ መዶሻውን ከትከሻዋ በላይ አንስታ፣ ጥርሷን ነክሳ ትመታለች። በየምቱ መሀል ትራገማለች፤ ግንቡን፣ ጭሱን፣ የእርሻውን ወሰን፣ ሟችንም ገዳዩንም ሳትለይ። መዳፏ ተላጠ፤ የመዶሻው እጀታ በደም ተለወሰ። ተይ ብላት አትሰማም። ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወደ ውጭ ተገፍቶ ወደቀና ብርሃኑ እንደ ውሃ ፊታችን ላይ ፈሰሰ። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ስንገልጠው የወንዙ ማዶ ታየን፤ የሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ፀጉሩ የተንጨባረረ ሰው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደኛ ያያል።

«ሞላ ነው» አለች የሺ ቀስ ብላ።

የወደቀውን ድንጋይ አነሳችው። የበግ ራስ ያህላል። ማጅራቷ ላይ አድርጋ በመቀነቷ አሰረችውና ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደች።  በቀዳዳው በኩል ሁሉንም አየሁት። ወንዙን ተሻገረች፣ ግቢያቸው ገባች፣ አጎነበሰች። የሟች እናት ከቤት ወጡ። አሮጊት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን እስከኛ ይሰማል።

«ድንጋይ የሚሸከመው የገደለው ነው! የሴት ድንጋይ ልጄን አያስነሳልኝም!»

ሞላ ዱላ ይዞ መጣ። አንዴ ጀርባዋን፣ አንዴ ትከሻዋን፣ አንዴ ፊቷን መታት። በሦስተኛው ተንበረከከች፤ ድንጋዩ ግን አልወደቀም። ተነስታ እንደተሸከመችው ዞራ መጣች። እኔ በቀዳዳው አየሁ እንጂ አልሄድኩም። ዳምጤ ጓዳው ውስጥ ሆኖ የአሮጊቷን ጩኸት ሰማ እንጂ አልወጣም። ይኼ የሁለታችንም ውርደት ነው፤ ሳስበው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ስትደርስ ቅንድቧ ተሰንጥቆ አንድ ዓይኗ ተዘግቷል። ድንጋዩን ከመቀነቷ ፈታ ከሌሎቹ ድንጋዮች ጋር ከመረችው። ፊቷን ታጥባ ጨረሰችና «ሲሚንቶ ያቦካህ መስሎኝ፤ ይደርቃል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ቀን ያህል ሠራን። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ገነባሁላት፤ ጭሱ በቱቦ ሽቅብ ወጥቶ ሲሄድ ቆማ ታየው ነበር። ግድግዳውን እስከ ወገብ ነጭ ሴራሚክ፣ ከዚያ በላይ ቢጫ ቀለም አደረግን። የዕቃ መደርደሪያ ሠራሁ፣ መሀል ጣሪያው ላይ የሶላር አምፖል ሰቀልኩ። ነጭ ሴራሚክ ቆሻሻ ያሳያል ብዬ ቡናማ እንድትመርጥ ነግሬያት ነበር።

«ይታይ» አለች። «ያልታየ አይጠረግም።»

መስኮቱ ከወገብ ጀምሮ እስከ ሰው ቁመት የሚደርስ ሰፊ ነው። ክፈፉ ገብቷል፤ መስታወቱ ግን ከማርቆስ የሚመጣው ሐሙስ ነበር። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ወንዙ ጭጋግ ለበሰ፤ ነፋሱ በባዶው ክፈፍ እየገባ ያንዘፈዝፋል። የሺ የዳምጤን ጥቁር ካፖርት ለበሰች። የሱን የሱፍ ቆብ አጠለቀች። እሱ የሚሞቅባትን በርጩማ አምጥታ አምፖሉ ሥር አስቀመጠችና ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ተቀመጠች።

«ተነሺ ከዚያ» አልኳት። «ከማዶ ቁልጭ ብለሽ ነው የምትታይው።»

«በርዶኛል። አንተ ጓዳ ግባና ዳምጤን ያዝ። ምንም ብትሰማ እንዳይወጣ።»

«ምን ልሰማ ነው?»

«ግባ አልኩህ!»

ገባሁ። ዳምጤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጧል። አጠገቡ ሳልደርስ ጥይቱ ጮኸ። አንድ ነው፤ ቀጥሎ ሴራሚክ ሲረግፍ ተሰማ። ዳምጤ ሊነሳ ሲል ደረቱ ላይ ወደቅሁበት፤ በተሰበረ እጁ ፊቴን መታኝ፣ ነከሰኝ፣ እኔም አንገቱን አነቅሁት። እንደዚያ ተናንቀን እያለን ከወንዙ ማዶ የሞላ ፉከራ ተነሳ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የዘርፌ ልጅ! የወንድሜን ደም መለስኩ! ዳምጤን በገዛ ምድጃው ጣልኩት!»

ሦስት ጊዜ ፎከረ። ሸለቆው ሁሉ ሰማው። ውሾች ጮኹ፤ እዚህም እዚያም ሰው በየደጁ ወጣ። ሦስተኛውን ሲጨርስ የሺ መስኮቱ ላይ ተነስታ ቆመች። ስወጣ አየኋት። ቆቡን አውልቃለች፣ ቀኝ ክንዷ ከክርኑ ተንጠልጥሎ ደሙ ነጩ ሴራሚክ ላይ ይንጠባጠባል፤ በግራ እጇ ክፈፉን ይዛለች።

«ሞላ!» አለች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ሴት ነው የመታኸው! የሺ ነኝ! የማዶ ሰዎች፣ እልል በሉለት! ሴት በምድጃዋ ጣለላችሁ!»

ማንም እልል አላለም። ፉከራው ተቋረጠ። ትንሽ ቆይቶ የእናትየው ጩኸት ተሰማ፤ ልጃቸው የሞተ ዕለት የጮኹት ያንኑ ነው አሉ ያወቁት ሰዎች። በእኛ አገር ደም ወንድ ለወንድ ነው። ሴት ላይ የተኮሰ፣ ያውም ተኩሶ የፎከረ፣ ሠርግ አይጠራም፣ ጠላ አይቀዳለትም፤ ልጁን የሚያገባለት እንኳ አያገኝም።

በቃሬዛ ተሸክመን ሮብ ገበያ አደረስናት፤ ከዚያ በመኪና ማርቆስ። ሐኪሞቹ እጇን አተረፉላት፣ ክርኗ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍ አለ። ፖሊስ ሲጠይቃት «ጠመንጃ ስንወለውል ባረቀብን» ብላ ድርቅ አለች። ሰው ሲወጣላት ጠብቄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ካፖርቱን ሆን ብለሽ ነው የለበሽው» አልኳት።

«አዎ።»

«ቆቡንም፣ በርጩማዋንም።»

«አዎ አልኩህ። ወንድ መስዬው እንዲተኩስ ነው። የሴት ድንጋይ አንቀበልም አሉ፤ የሴት ደም ግን ወደዱም ጠሉም ይቀበላሉ። አሁን ማን ነው ባለ ዕዳ?»

ደሜ ፈላ። «እኔ ለብርሃን የከፈትኩ መስሎኝ! ለጥይት ነው ያስከፈትሽኝ! ብትሞቺስ? በገዛ እጄ የቆፈርኩት ጉድጓድ ነበር!» አልኳት። ነርሷ መጥታ ዝም በል አለችኝ። የሺ ፈገግ አለች፤ ጥርሷ እንደሚያምር ያኔ ነው ያየሁት።

«ለሁለቱም ነው የከፈትከው» አለች። «ሁለቱም በአንድ ቀዳዳ ነው የሚገቡት። ብሞትማ ለእኔ ምን ቸገረኝ? እነሱን ነበር የሚቸግራቸው።» ይህን ስትል ግን ግራ እጇ አንሶላውን ጨምድዶ ይዞ ነበር። ፈርታ ነበር ማለት ነው። ፈርታም ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

ከሆስፒታል የተመለሰች ቀን አብሬያት ነበርኩ። ሽማግሌዎቹና ሁለት ቄሶች መስቀል ይዘው ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ዝናብ ጥሎ አባርቷል። ሞላ በወንዙ በኩል መጣ። ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ፣ ትከሻው ላይ አፈሙዙ ወደ መሬት የዞረ ጠመንጃ። ከኋላው እናቱ በምርኩዝ። መጥቶ የሺ እግር ላይ በፊቱ ተደፋ።  ሁላችንም ወደ ጓዳው በር አየን፤ የቀረው እሱ ነበርና።

ዳምጤ ወጣ። ስንት ዓመት ፀሐይ ያላየው ፊቱ ሊጥ መስሏል። ክላሹን አልያዘም። ሞላን ቁልቁል አየው፣ ማጅራቱ ላይ ያለውን ድንጋይ አየው፣ የሚስቱን የማይታጠፍ ክንድ አየ። ከዚያ ከግድግዳው የፈረሰው ድንጋይ ወደተከመረበት ሄደ። በአንድ እጁ ማንሳት አቃተው። ልረዳው ስንቀሳቀስ የሺ በግራ እጇ ደረቴን ገፋችና አቆመችኝ። እየታገለ አነሳው፣ ማጅራቱ ላይ አደረገው፣ እየተንገዳገደ አሮጊቷ ጋ ደርሶ እግራቸው ሥር ወደቀ። አሮጊቷ መጀመሪያ በምርኩዛቸው ጀርባውን መቱት፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ እስኪደክማቸው። ከዚያ ምርኩዙን ጥለው እላዩ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። አንደኛው ቄስ «ይበቃል» አሉ። ሁለቱ ወንዶች ግን ከመሬት አልነሳ አሉ።

«ተነሱ በሉ» አለቻቸው የሺ። «ጭቃ ነው።»

መስታወቱ ከሞላ ጎደል ሁለት ወር ማርቆስ እኔ ጋ ቆሞ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ተከፍቶ በመጨረሻ ይዤላት ሄድኩ። ከሩቅ ያልጠበቅሁትን ነገር አየሁ። መስኮቱ ላይ የቆመው ዳምጤ ነው፤ እጅጌውን ሰብስቦ ማማሰያ ይዞ ድስት ያማስላል። በደጋው ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገብቶ ሲያማስል ከመታየት ሞት ይሻለዋል ይባላል። የሺ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በመስኮቱ በኩል ታዘዋለች፤ ጨው ጨምር፣ እሳቱን ቀንስ፣ አይ የሽንኩርት አከታተፍ! ከወንዙ መንገድ ከገበያ የሚመለሱ ወንዶች ቆመው ይሥቃሉ። አንዱማ «ዳምጤ! ቀሚስ ይገዛልህ?» ብሎ ጮኸ። የዳምጤ ጆሮ ቀላ። እንደዚያ ያለ ቃል በዚያ አገር ሰው ያጋድላል፤ ክላሹ ደግሞ ገና ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። እጁ ማማሰያው ላይ ሲጠብቅ አየሁት።

አዘንኩለት። መስታወቱን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ቀረብ አልኩትና «ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ የምናደርገው አለ» አልኩት። «የታችኛውን ግማሽ ነጭ ቀለም ልቀባው። ብርሃኑ ይገባል፣ ከውጭ ግን ሰው አይታይም።»

ዳምጤ ወደ መንገዱ አየ። ሰዎቹ አሁንም ቆመዋል። ወደ የሺ አየ፤ የሚጠብቅ ዓይኗን ከሱ አላነሳችም። ግንባሩን በእጅጌው ጠረገ።

«ተው ግንበኛው» አለኝ። «ጥርት ያለውን አስገባልኝ። ይዩኝ።»

«ይዩኝ ካልክ እንግዲህ አማስል» አለችው የሺ፤ «እያረረ ነው።»